አልጋዬ ከማንጎው ሥር

አልጋዬን ወደ ግቢ ያወጣሁት ለሙቀቱ ነው ብዬ ነበር። ጋምቤላ ውስጥ ይሄን ለማመን የሚቸገር ሰው የለም። በበጋ ቆርቆሮ ሥር መተኛት ምጣድ ላይ እንደ መተኛት ነው። ግማሹ ሰፈር ፍራሹን ይዞ ይወጣና አጎበሩን ዛፍ ላይ አስሮ በየግቢው ያንኮራፋል። ስለዚህ የሽቦ አልጋዬን እየጎተትኩ ማንጎው ሥር ስዘረጋ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ሚስቴ ብቻ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። በሌላው ዓመት አብራኝ ትወጣ ነበር። በዚያ ዓመት ግን "እኔስ?" አላለችም፤ እኔም "ነይ" አላልኳትም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሙቀቱ አልነበረም። የፕሮስቴት ካንሰር ተገኝቶብኝ አዲስ አበባ ሄጄ በቀዶ ሕክምና አስወጥቼ ከተመለስኩ ወራት አልፈው ነበር። ካንሰሩ ወጥቷል ተባልኩ፣ ተመስገን። ግን ከእሱ ጋር ወንድነቴም አብሮ ሄደ። ይሄን ስጽፍ ራሱ እጄ ይከብደኛል። ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሮኛል፣ አልዋሸኝም። "ነርቮቹ በዕጢው ጎንና ጎን ያልፋሉ፤ ሊጎዱ ይችላሉ። ሊመለስልህም ላይመለስልህም ይችላል። ቢመለስም ጊዜ ይፈጃል" ብሎኝ ነበር። ሞት ፊቱ ላይ የቆመበት ሰው ሌላውን ወሬ መች ይሰማል? "እሺ ዶክተር፣ ብቻ አውጣልኝ" አልኩት። አወጣልኝ።

እኔ ጎሚስታ ነኝ። ከባሮ ድልድይ ወዲህ፣ መንገዱ ዳር፣ ጎማ እፈታለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ እነፋለሁ። ወደ ጀዊና ወደ ትየርኪዲ የስደተኛ ጣቢያዎች የሚመላለሰው መኪና ሁሉ አንድ ቀን እኔ ጋ መቆሙ አይቀርም። ለክትትል አዲስ አበባ ስመለስ ሐኪሙ ክኒን አዘዘልኝ፤ ክኒኑ ራስ ምታት ሰጠኝ፣ ሌላ ምንም አልሰጠኝም። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ "በእጅ የሚሠራ ፓምፕም አለ፣ ልናስሞክርህ እንችላለን" አለኝ። "ዶክተር! እኔ እኮ ጎሚስታ ነኝ!" አልኩና ሳቄን ለቀቅኩት። እሱ አልገባውም። ስስቅ ስስቅ ሳላስበው እንባዬ መጣ፤ ምስኪን፣ ደንግጦ ውሃ አቀበለኝ።

ሚስቴ ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም። የገደለኝም እሱ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ባለው የሕፃናት መዋያ ታስተምራለች፤ ቀኑን ሙሉ ከሕፃናት ጋር ስትዘምር ውላ ማታ ድምጿ ጎርንኖ ትመጣለች። ከሆስፒታል በወጣሁ ሰሞን ሽንቴን መቆጣጠር አቅቶኝ ሱሪዬ ሲረጥብ፣ ፊቷን ሳታጠቁር ታጥብልኝ ነበር። እሱ ዳነ። ሌላው አልድን ሲል ግን "ጌታ ያውቃል፣ ተኛ በቃ" አለችኝ። ተኛ በቃ! ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ ለስድብ መልስ አላጣም። ከዚያ ወዲያ እጇ ሳታስበው እንኳ ሲነካኝ መሸሽ ጀመርኩ። ሙቀቱ ሲመጣ ማምለጫ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ዝናብ ሲመጣ ምን እንደምል ግን አላሰብኩበትም።

የሚያስፈራኝ ሌላ ነበር። እኛ ኑዌሮች ነን። በአባቶቻችን ሥርዓት የወንድ ቤት አይዘጋም። ሰው ቢሞት ወንድሙ ሚስቱን ይይዛል፤ የሚወለደው ልጅ ግን የሟቹ ነው፣ በሟቹ ስም ይጠራል። ሰውየው በቁሙ ሆኖ ካልቻለም ወንድሙ ይቆምለታል። እኔ አማኝ ነኝ፤ ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎችም አንዱ ነኝ። ይሄ ሁሉ አልፏል እል ነበር፤ እዚህ ከተማ ውስጥ የሚያደርገውም እየጠፋ ነው። ታላቅ ወንድሜ ግን የዚያ ዓለም ሰው ነው። ከሚስቶቹ ጋር ከድንበር ማዶ ከብት ሲያረባ ኖሮ፣ ጦርነቱ ከብቱንም ቀዬውንም ሲያሳጣው ተሻግሮ መጥቶ ኢታንግ አጠገብ ትየርኪዲ ገባ። እኔ ሳገባ ከብቶቹን ነድቶ ለሚስቴ ቤተሰብ የሰጠልኝ እሱ ነው። እኛ ዘንድ ከብት የሰጠ ሰው በዚያ ቤት ላይ አፍ አለው። ልጆቻችን ደግሞ ሁለት ሴቶች ናቸው፣ ሁለቱም ተድረዋል። ወንድ የለንም። ወንድሜ ይሄን አንድም ቀን ረስቶት አያውቅም።

ስለዚህ ጭንቀቴ አንድ ነበር። ነገሩ ወንድሜ ጆሮ ከገባ መጥቶ ሚስቴን ይጠይቀኛል። እሷስ ደክሟት እሺ ብትል? በስልክ "እንዴት ነህ?" ባለኝ ቁጥር "እንደ ድሮዬ ነኝ፣ ኧረ ከድሮዬም ብሻል ነው!" እለው ነበር።

አንድ ከሰዓት ከትየርኪዲ የመጣ የውሃ ቦቴ ሹፌር ጎማ ሊያስለጥፍ ቆመ። የውስጥ ጎማውን፣ ካላማዳሪውን፣ አውጥቼ የውሃ ገንዳው ውስጥ ከትቼ አረፋው ከየት እንደሚወጣ ስፈልግ፣ ሹፌሩ "ወንድምህ መልእክት ልኮብሃል" አለኝ።

"ምን አለ?"

"ሰሞኑን እመጣለሁ ብሏል። የቤት ጉዳይ ነው። ሚስትህም ትኑር፣ እሷ ባለችበት ነው የምናገረው አለ።"

ቀዳዳውን አግኝቼው ነበር። ጣቴን ጫንኩበትና ከዚያ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። ወንድሜ ሊጠይቀኝ ሲፈልግ ዝም ብሎ ነው የሚመጣው። አስቀድሞ ሰው ልኮ፣ "ሚስትህም ትኑር" ብሎ አያውቅም። ሹፌሩ "አሞሃል እንዴ? ፊትህ ተለወጠብኝ" አለኝ። "ሙቀቱ ነው" አልኩት። ያኔ ሁሉም ነገር ሙቀቱ ነበር።

ቤት እንደገባሁ ሚስቴ ላይ ጮህኩ። "ለወንድሜ ምን ነገርሽው?"

"ምን እነግረዋለሁ?"

"አንቺ ታውቂያለሽ!"

የሕፃናቱን ኩባያዎች እያጠበች ነበር። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና አየችኝ። "ለእኔ ለራሴ አፍ አውጥተህ ያልነገርከኝን ነገር ለሰው ምን ብዬ ልናገረው?" አለችና ወደ ኩባያዎቿ ተመለሰች። እውነቷን ነው፤ እኔና እሷ ስለዚህ ነገር በአፋችን ተነጋግረን አናውቅም ነበር። ያም ሆኖ አላመንኳትም።

ወንድሜ ቅዳሜ ዕለት በባጃጅ መጣ። ረጅም ነው፤ ከባጃጅ ሲወርድ መጀመሪያ የወጣው እግሩ ነው፣ ቀጥሎ በገመድ የታሰረ ሰሌን። ሊጠይቅ የመጣ ሰው መኝታውን ይዞ አይመጣም። ግንባሩ ላይ ያሉት ጠባሳዎች፣ ወጣት ሳለ ለወንድነት የተበጣቸው፣ ከቆዳው በላይ ጎልተው ይታዩ ነበር። ከስቷል። የስደተኛ ጣቢያው ራሽን አልበቃው ብሎ ነው ብዬ አለፍኩት።

"የእናቴ ልጅ" አለኝና እጄን ይዞ ቆየ። ከዚያ ዓይኑ ማንጎው ሥር ሄደ። "ያ አልጋ የማን ነው?"

"የእኔ ነው። ሙቀቱ አላስተኛ ብሎኝ።"

"ሚስትህስ?"

"ውስጥ ነው የምትተኛው።"

ራሱን ነቀነቀ። ምን አለ አንድ ነገር ቢናገር! ሚስቴ ደግሞ እንግዳ ውጪ አይተኛም ብላ ሳሎኑን ጠርጋ ሰሌኑን አነጠፈችለት። ቤታችን ሳሎንና መኝታ ቤት ብቻ ነው፤ በሁለቱ መሃል ያለው መጋረጃ ነው፣ በር የለም። እንግዲህ ወንድሜ ከመጋረጃው ወዲህ፣ ሚስቴ ከመጋረጃው ወዲያ፣ እኔ የቤቱ ባለቤት ደግሞ ከማንጎ ሥር። በማግስቱ ጎረቤቴ ሴትዮ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ "ወይ ጉድ! እንግዳው ውስጥ፣ ባለቤቱ ውጪ! ምን ዘመን መጣ?" ብላ ሳቀች። ቀልዷን ነው። እኔም ሳቅኩላት።

ወንድሜ የመጣበትን አልተናገረም። በማግስቱም፣ ከዚያ በኋላም አልተናገረም። የትም ሲሄድ የማትለየውን ትንሽ የእንጨት በርጩማውን ይዞ ግቢው መሃል ይቀመጣል፣ ሰማዩን ያያል፣ ይነሳል፣ ጓሮ ካለው አጥር ጋ ሄዶ ይቆማል። እዚያ ይቆያል። ይመለሳል፣ ትንሽ ተቀምጦ እንደገና ይነሳና አጥሩ ጋ ይሄዳል። እኔ ጥርሴን ነክሼ አየዋለሁ። ግቢውን እየቃኘ፣ ቤቱን እየለመደ መሰለኝ። "አንድ ነገር ጠፋብህ እንዴ እዚያ?" አልኩት አንዴ። "ምንም" አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ። ሰማዩም እንደሱ ሆኖ ነበር፤ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ይጠቁራል፣ ያጉረመርማል፣ ሳይዘንብ ይመሻል። ባሮ ደጋ ላይ በጣለው ዝናብ ደፍርሶ መሙላት ጀምሯል። ሰዉ "ዘንድሮ ዘገየ፣ ሲመጣ ግን ክፉ ነው የሚሆነው" ይላል። እኔ አንድ ጸሎት ብቻ ነበረኝ፣ እንዳይዘንብ። ከዘነበ ወዴት እገባለሁ?

ሥራ ላይ እጄ ከድቶኝ ነበር። የአንዱን ፒካፕ ጎማ አስሬ ላክሁት፤ ሰውየው ከከተማ ሳይወጣ ተመልሶ መጣና "ልትገድለኝ ነው እንዴ? ብሎኑን እኮ አላጠበቅከውም! ሞኝህን ፈልግ!" ብሎ ሰው ፊት አወረደብኝ። ጎማውን ሳስር ወንድሜና፣ እንግዳ አለብኝ ብላ ከመዋያው ፈቃድ የወሰደችው ሚስቴ፣ ብቻቸውን ግቢ ውስጥ እንዳሉ እያሰብኩ ነበር።

በዚያው ቀን ሳልነግራቸው በምሳ ሰዓት ቤት ገባሁ። ጓሮ ድምፅ ሰማሁ። ሁለቱ አጥሩ ጋ ቆመዋል። የሚስቴ እጅ የወንድሜ ክንድ ላይ ነው። "ለምን አትነግረውም? ነገ ዛሬ እያልክ እስከ መቼ?" ትለዋለች። እሱ በቀስታ አንድ ነገር አለ። "ይችለዋል" አለችው እሷ፣ "እኔ አውቀዋለሁ፣ ይሸከመዋል። ብቻ ንገረው።"

ለመጮህ አፌን ከፈትኩ። ምን ብዬ ልጩህ? "ሚስቴን ልቀቅ" ልበለው? የያዝኳት መሰለኝ እንዴ? በመጣሁበት መንገድ ተመልሼ ሄድኩ። ምሳ አልበላሁም። እሱ እንደሚጠይቅ ሳይሆን አስቀድመው እንደ ጨረሱት ነው የገባኝ፤ የቀረው ለእኔ መንገር ብቻ ነው አልኩ። ይሸከመዋል የተባልኩትም ይሄንኑ ነው።

ዝናቡ በማግስቱ ከሰዓት መጣ። መጀመሪያ ነፋሱ አቧራውን አንስቶ መንገዱን ሸፈነው፤ ሱቆች በራቸውን ዘጉ። ዕቃዬን ሰብስቤ እየሮጥኩ ቤት ስደርስ ማንጎዎቹ እየረገፉ ቆርቆሮውን ይደበድቡት ነበር። ከነፋሱ ጋር ሲሆን ተኩስ ይመስላል፤ እዚህ አገር ደግሞ ሰው ከተኩስ ጋር ይተዋወቃል። ሁለቱም ሳሎን ነበሩ። እኔ ስገባ ሰማዩ ተቀደደ።

ወንድሜ በርጩማው ላይ ሆኖ "ተቀመጥ" አለኝ።

"ቆሜ እሰማለሁ።"

"የእናቴ ልጅ፣ ተቀመጥ። የመጣሁበትን ዛሬ ልናገር።"

"ለምን እንደመጣህ አውቃለሁ!" አልኩት። ከዝናቡ በላይ ነበር የምጮኸው። "ሁለታችሁም የምትንሾካሾኩትን አውቃለሁ!"

ወንድሜ ሚስቴን አያት፣ ከዚያ እኔን። ፊቱ ላይ ሐፍረት አልነበረም። እንደ መገላገል ያለ ነገር ነው ያየሁት። "ካወቅክማ ጥሩ" አለ። "አፌ እምቢ ብሎኝ ነው እስከዛሬ የቆየሁት። እንግዲህ ቃልህን ስጠኝ።"

"የምን ቃል?"

"ስሞት ታናሿን ሚስቴን እንድትይዛት። ቤቴ እንዳይዘጋ።"

ዝናቡን ብቻ ሰማሁ። አባባሉ ወደ አእምሮዬ እስኪገባ ጊዜ ፈጀብኝ። እሱ ግን ቀጠለ፣ አፉ አንዴ ተከፍቶለታል። "ሽንቴ አልወጣ ካለኝ ቆየ። አሁን ደም አለው። ጣቢያ ያለው ክሊኒክ ወደ ሆስፒታል ላከኝ፣ መረመሩኝ፣ ያንተው በሽታ ነው አሉኝ። ወንድማማች ላይ ይወጣል አሉ። አዲስ አበባ ሂድና ይቆረጥ፣ ጊዜ አለህ፣ ብዙ ጊዜ ግን የለህም አሉኝ። እኔ ሰው አገር ሄጄ ለቢላዋ አልተኛም። የሚያስጨንቀኝ ታናሿ ናት። ወንድ ልጅ አልያዘችልኝም። ከአባታችን ልጆች የቀረነው እኔና አንተ ነን፤ ሌሎቹን ጦርነቱ በላቸው። አንተ ትቆምልኛለህ። ሚስትህ ትኑር ያልኩት፣ ሌላ ቤት እንደሚጨመርባት ከእኔ ከራሴ አፍ እንድትሰማ ብዬ ነው።"

አጥሩ! አይ እኔ! እኔ እኮ ከቀዶ ሕክምናዬ በፊት ልክ እንደሱ አጥር ስር ቆሜ የሽንት ጠብታ ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። የአንድ እናት ልጅ ዓይኔ ስር እየተነሳ እየተቀመጠ፣ እየቆመ እየቆየ፣ እኔ በቅናት ታውሬ ሚስቴን ሊወስድ ነው እላለሁ። እሷ ባየችው በመጀመሪያው ቀን አውቃዋለች። "ንገረው" ብላ የምትለምነው ይሄንን ነበር። የመሬት መከፈት ቢኖር ያኔ እገባ ነበር።

"ዝም አልከኝ" አለ ወንድሜ። ከዚያ ራሱ መንገድ ከፈተልኝ። "ቤተ ክርስቲያንህ አይፈቅድም፣ አይደል? ለዚያ ነው?"

ምን ዓይነት መውጫ ነበር! "አዎ፣ አማኝ ነኝ፣ አልችልም" ብል ያከብረኛል እንጂ አይንቀኝም። ውሸትም አይደለም። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ሚስቴን አየኋት። በሩ ጋ ቆማ እኔን ታያለች፤ አትለምነኝም፣ አትቆጣኝም፣ ትጠብቃለች። ከእግዚአብሔር ጀርባ ስደበቅ ብታየኝ ሁለተኛ ቀና ብዬ እንደማላያት ገባኝ።

"ለእሱ አይደለም" አልኩ። "ስለማልችል ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ወንድነቴ አይሠራም። ሐኪሞቹ ስንፈተ ወሲብ ይሉታል። በስልክ ደህና ነኝ ያልኩህ ውሸት ነው። አልጋዬን ያወጣሁት ለሙቀቱ አይደለም፣ አፍሬ ነው። ለራሴ ሚስት ያልቆምኩ ሰው ላንተ ምን ልቁምልህ?"

የወንድሜ እጅ ጉልበቱ ላይ ቀረ። እኔን ግን ማቆም አልተቻለም። "እንግዲህ ማንም የለህም! ሰማህ? የቀረነው ሁለት ነን ብለሃል፣ እኔ ደግሞ ይኸው። የሚቆምልህ ከሌለ መሞት አትችልም! ተነስና ታከም!"

እንባዬ ይወርድ ነበር፤ ታላቄ ላይ እንዲህ ጮሄ አላውቅም። እሱ ግን አልተቆጣም። የፈራሁት ዓይን ነው ያየኝ፣ ከብቱ ሁሉ አልቆ አንዱ ቀርቶ፣ ያ አንዱም ሲያነክስ ያየ ሰው ዓይን።

"እና ተቆርጬ እንዳንተ ልሁን?" አለ። "እንዲህ ሆኖ ሰው እንዴት ይኖራል?"

እውነትም እንዴት ነበር የኖርኩት?

በሩ ተበረገደ። ሚስቴ ዝናቡ ውስጥ ወጥታለች። ማንጎው ሥር ያለው አጎበር ተበጥሶ መሬት ላይ ወድቋል፤ ፍራሼ ውሃ ጠጥቷል። እሷ ፍራሹን በጫፉ ይዛ ጭቃው ላይ እየጎተተች መጣች። ልብሷ ገላዋ ላይ ተጣብቋል። የበሩ ደፍ ላይ ቆማ፣ ያ የጎረነነ ድምጿ ከዝናቡ በላይ ወጣ፦

"ከእኔ ጋር ነዋ! ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው! ያንተዋንስ ጠይቀሃታል? ወንድ ልጅ ነው ወይስ አንተን ነው የምትፈልገው ብለህ ጠይቀሃታል?"

እሷ ወደ እኔ ዞረች። "አንተስ ምን ትገተራለህ? ያዝ እንጂ!"

ያዝኩ። ፍራሹ ከብዶ ነበር፣ ውሃው በክርኔ ይወርዳል። ሳሎን የምናስቀምጠው መስሎኝ ጎንበስ ስል "ወደ ውስጥ!" ብላ መጋረጃውን በትከሻዋ ገፋችው።

እኛ መኝታ ቤት ፍራሹን ግድግዳው ላይ ስናቆም፣ ወንድሜ ሲነሳ ሰማሁ። በመስኮቱ አየሁት፤ እዚያ ዝናብ ውስጥ ወጥቶ አጥሩ ጋ ሄዶ ቆሟል። ቆየ። አንድ እጁን አጥሩ ላይ ደግፎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በጣም ቆየ። ሚስቴም አብራኝ ታየው ነበር፤ እጄን ይዛኝ ነበር፣ አልሸሸኋትም። ሁለታችንም "ረፍዶበት ይሆን?" ብለን አስበናል፤ ጮክ ብሎ የተናገረው ግን የለም።

ሲመለስ ጥርሱ ይንቀጠቀጥ ነበር። መጋረጃው ጋ ደርሶ ቆመና ከወዲያ ማዶ ሆኖ ጠራኝ።

"የእናቴ ልጅ፣ የአዲስ አበባው አውቶቡስ በስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?"